የአማቴ የዋንዛ በር

ዛሬ ማንኩሳ አማቴ ቤት፣ በር አሳምራለሁ ብዬ ጉድ ሆንኩላችሁ።

መነጽርና ማስክ አድርጌ፣ በተዋስኩት የእንጨት ማለስለሻ ማሽን፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተልኩ አሮጌውን የዋንዛ በር ፋቅኩት። አንድ ጥቁር ቦታ አልለቅ ሲለኝ ግን "ማሽኑን እንዳትጫነው" መባሌን ረስቼ ተጫንኩት።

ለቀቀ! ደረቴን ነፍቼ አማቴን ጠራኋቸው።

በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ልጄ፣ ጣሊያን ቤታችንን ሲያቃጥል አባቴ ከእሳቱ ያወጡት ይኼን በር ብቻ ነበር። ጥቁሩ የዚያ ቃጠሎ ምልክት ነው።"

ማስኬን አላወለቅኩም፤ ፊቴን የምደብቅበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

"ግዴለም" አሉ። "ከእንግዲህ ለእንግዳ፣ ጣሊያን ያቃጠለውን አማች ፋቀው እያልን እናወራለን።"

እናንተስ፣ አማት ለማስደሰት ብላችሁ ምን አጥፍታችኋል? ብቻዬን አታስቀሩኝ።