ለአባቴ እግር የተበላ ጎማ

ሚኒባሴ ወደ ግራ ትስብ ነበር። ከደብረ ታቦር ስነሳ መሪውን ለአፍታ ብለቀው ገሳይን ትታ፣ እብናትን በእርሻ ላይ አቋርጣ ሱዳን ትገባ ነበር። የፊት ጎማዎቿ ቀጥ ብለው ስለማይቆሙ አስፋልቱን እየፋቁ ነው የሚሄዱ። የግራው ጎማ የውስጥ ጠርዙ እንደ እኔ አናት ተመልጦ፣ የውጪው ጥርሱ ግን እንደ አዲስ ይቀራል። መካኒኬ ባየኝ ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ አላይመንቷን ላስተካክልልህ!» ይለኛል። «ነገ» እለዋለሁ። ነገዬ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ምክንያቱ አባቴ ነበሩ።

በወጣትነታቸው በሬ ረግጧቸው ቀኝ እግራቸው ጠሞ ቀርቷል። ሲራመዱ ክብደታቸው ሁሉ በውጪው ጠርዝ ላይ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ቅዳሴው ነበር፤ ገና ወንጌል ሳይነበብ እግራቸው ይከዳቸውና ይቀመጣሉ። «እግዜር ፊት እንደ ዳኛ ተቀምጬ!» ይላሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

አንድ ቀን ገሳይ ገበያ በረባሶ የሚሠራ ሰው ከጣልሁት ጎማ ጫማ ቆረጠላቸው። የቀኙ አንዱ ጎን ስስ፣ አንዱ ወፍራም ሆኖ ወጣ። ሰውየው አፍሮ ሊቀይረው ሲል አባቴ አጠለቁት፤ ወፍራሙ በውጪ በኩል ዋለ። ተነሡ፣ ተራመዱ፣ ዞሩ። እግራቸው ቀና!

«ይኸን ጎማ እንዲህ አድርጎ የሞረደው ማን ነው?»

«ሚኒባሴ ናት አባቴ። አንቱን አይታ ነው የተንሻፈፈች።»

«በል እንዳታቀናት! ከሁለታችን አንዳችን እንጣመም።»

የዚያን እሑድ እስከ «እትዉ በሰላም» ቆመው አስቀደሱ። ባልጎትታቸው ኖሮ የሚቀጥለውንም እሑድ እዚያው ቆመው ሊጠብቁት ነበር።

እናም በየጥቂት ወሩ አንድ ጎማ ለአባቴ እግር አስበላሁ። በመጨረሻ መካኒኩ ከሥር ገብቶ የጎማው ሽቦ ወጥቶ አየና ቁልፌን ነጠቀኝ። ምክንያቴን ነገርሁት። ሳቀ፤ ቁልፉን ግን አልመለሰም።

«ተሳፋሪዎችህ የአባትህን እግር አላጣመሙም!» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አስተካከላት። ሚኒባሴ እንደ ድቁና ተማሪ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች፤ ጎማዋም እኩል ይበላ ጀመር። እኔ ደግሞ የጎማ ለማኝ ሆንሁ። መናኸሪያ ውስጥ በሰው መኪና ሥር ተንበርክኬ በመዳፌ የጎማ ጠርዝ እዳብሳለሁ። ሾፌሮቹ «ይኸ ሰው ጎማ ሊሳለም መጣ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! አባቴ ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሴ ተቀምጠው አላሳለፉም።

ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ከእብናት እህል ጭኖ የመጣ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ። እጄ ሳላዘው ሄዶ የፊት ጎማውን ዳሰሰ። ውስጡ ልሙጥ፣ ውጪው ወፍራም፣ ልክ የአባቴ ልክ።

«ስትጥለው ለእኔ!» አልሁት ሾፌሩን።

«እሺ ጋሼ። ለምን ፈለጉት?»

መዳፌ ገና ጎማው ላይ ነው፤ የመንገዱ ሙቀት አልለቀቀውም።

«ለምንም፤» አልሁት። «ዛሬውኑ አላይመንት አሠራው።»