የጋለ እግር

ዛሬ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስሄድ የአንድ አዛውንት የጉልበት ቅባት ሲሸተኝ ድሮ የምጫወትበት የሮግስቬድ ሰፈር ክለብ መልበሻ ክፍል ፊቴ ድቅን አለ። የኛን የሴቶቹን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥኑት ፊሊፒናዊ ነበሩ፤ ለአገራቸው ሲጫወቱ የተሰበረ ጉልበታቸውን በዚያው ዓይነት ቅባት ያሹት ነበር። ከልምምድ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ አያስነኩንም።

«በሩጫ የጋለ እግር ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ጅማቱ ይሞታል» ይሉናል። እናቴም ብርድ ይመታሻል ስለምትለኝ አምናቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ክለቡ በእሳቸው ቦታ የስዊድን ፈቃድ ያለው አሠልጣኝ መቅጠሩን ነገራቸው። ልምምዱን እስከ መጨረሻው አሠሩን። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍተው እግራቸውን ከነጉልበታቸው ከሥሩ ዘረጉት።

«ኧረ ይተዉ» አልኳቸው።

«ከእንግዲህ ለማን ልጠብቀው?» አሉኝ።

ዛሬ ሥራ ላይ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ግሏል። ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ውሃው እስኪሞቅ ቆሜ ጠበቅኩ።