ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ

ቀኑን ብትጠይቁኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዓመቱም አምና ይሁን ካቻምና ተምታቶብኛል። ክረምቱ መውጫው ላይ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ የእንጅባራ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና ከባለጉዳዩ ጫማ የሚራገፈውን አፈር ስጠርግ ነበር የምውለው። የመሬት ይዞታ ደብተር በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ጽዳቱንም ጥበቃውንም ደርቤ እሠራለሁ።

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ፈረስ ከሆነ ግን ጠይቁኝ። ያደግሁት አዲስ ቅዳም አጠገብ ገጠር ነው፤ ከፈረስ ጋር ያደገ ሰው ደግሞ ጫፉ መሬት ላይ የወደቀ ገመድ አይቶ አያልፍም። ፈረስ የገዛ ማሰሪያውን ረግጦ ሲወድቅ፣ እግሩ ሲሰበር አይቻለሁ። ስለዚህ ገመድ ወድቆ ካገኘሁ አነሣለሁ፣ አስራለሁ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሚያደርገው።

ፎቁ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ተሰቅሏል፤ ስዊች ይሉታል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሁሉ በገመድ እዚያ ይገናኛል፤ አንዱ ለሌላው የሚልከው በእሱ በኩል ያልፋል። የዚያን ዕለት ማለዳ፣ ሠራተኛው ሳይገባ ልጠርግ ብከፍት አንድ ገመድ ጫፉ ወለል ላይ ተጥሏል። አነሣሁት። ሳጥኑ ላይ ክፍት ቀዳዳ ነበረ፤ ብሞክረው ቀጭ ብሎ ገባ። ሌላው ጫፍ ወዴት እንደሚሄድ አልተከታተልኩም። አልፌም የተዝረከረኩትን ገመዶች ሁሉ ሰብስቤ፣ የፈረስ ጭነት እንደሚጠፈር አድርጌ ጠፈርኳቸው። ያማረ ሥራ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን መክፈት ሲጀምር ሁሉም ነገር ቆመ። ኔትወርክ የለም ተባለ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። አንድ ሽማግሌ፣ «የት ሄደ? እኛ ከግምጃ ቤት ከተማ በጭቃ መጥተናል፤ እሱ ከየት አገር ሊመጣ ነው?» ብለው ሰዉን አሳቁት።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከዳንግላ የመጣች፣ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ሴት ናት። ሳጥኑን አጥፍታ ስታበራው ለአፍታ ይሠራል፤ ወዲያው መብራቶቹ በሙሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ፣ ሥራውም ይቆማል። ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተስተካከለ የሙከራ ጊዜሽን አላፀድቅም፤ ካሁኑ እወቂው» አላት።

እኔ በሩ አጠገብ እየጠረግሁ በስልክ ስትነጋገር ሰማኋት። «ዙር ሳይኖር አይቀርም» ትላለች። «አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ሳጥን ላይ ከተሰካ መልእክቱ እየዞረ ይመለሳል። ግን ማን ይሰካዋል? ትናንት ደህና ነበር እኮ! ደግሞ ገመዱን ሁሉ አንድ ላይ ተብትበውታል፤ የቱ ከየት እንደሚመጣ አይለይም።»

ጠዋት የሰካሁትና የጠፈርኩት ገመድ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀስ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለቤቴ ምሳ አቀረበችልኝ። ጥቂት አየችኝና፣

«አንቱ፣ ምን ሆነዋል? ሽሮው መረረዎት?» አለችኝ።

«አልመረረኝም።»

«እንግዲያስ ይናገሩ። የሚያኝኩት ሌላ ነገር ነው።»

ነገርኳት።

«ፈረስዎ የሰው አዝመራ ቢበላ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሄጄ የኔ ፈረስ ነው እላለሁ።»

«ታዲያ ይሂዱ! የሰው ልጅ እንጀራዋ ሊቆረጥ ነው፣ እርስዎ እዚህ ሽሮ ያቀዘቅዛሉ?»

«ቢያባርሩኝስ?»

«እርስዎ ቤትዎን ያውቁታል፤ ተመልሰው ይመጣሉ» ብላ ነጠላዋን አነሣች። መንገዱን ሁሉ አብራኝ ሄደች፤ ደረጃው ሥር ደርሰን ስዞር እጆቿን አጣምራ ቆማለች። መመለሻ የለኝም።

ደረጃውን ስወጣ ኃላፊውና ባለሙያዋ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ናቸው። «ጌታዬ፣ እሷን ይተዉአት» አልኩ። «ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ እርስዎን ደግሞ ከስዊች ምን አገናኘዎት?» አለኝ ኃላፊው።

«ወድቆ አገኘሁት። የወደቀ ገመድ ይነሣል።»

እሷ አልተቆጣችም። «የትኛው ነው አባባ? ያሳዩኝ» ብቻ አለች። ቋጠሮውን ፈታሁላትና ጠዋት የሰካሁትን ነቀልኩት። መብራቶቹ ረገቡ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ በየተራቸው ብልጭ ማለት ጀመሩ። ታች ማተሚያው ሲንቀሳቀስ ተሰማ። እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «ከጠዋት ጀምሮ ያሸነፈኝ የእርስዎ ቋጠሮ ነው!»

ኃላፊው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል መጥረጊያዎ ይግባ፤ እጅዎ ግን ውጭ ይቅር» አለኝና ወረፋውን እንዲያስገቡ አዘዘ። የእሷም የሙከራ ጊዜ ፀደቀላት።

በኋላ አስረዳችኝ። አንድ ኮምፒውተር ሌላውን ሲፈልግ «የት ነህ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ሳጥኑም ጥሪውን በየቀዳዳው ያደርሳል። ዙር ካለ ያው ጥሪ ተመልሶ ይመጣል፤ ሳጥኑ አዲስ መስሎት እንደገና ያስተጋባዋል። እንዲያ እየበዛ ማንም ማንንም የማይሰማበት ማዕበል ይሆናል።

«ይሄማ ይገባኛል» አልኳት። «እኛ ዘንድ በሬ ሲጠፋ ከኮረብታ ኮረብታ በአዊኛ ይጣራሉ፤ የሰማ ለቀጣዩ ያቀብላል። ጥሪው ዞሮ በሌላ በኩል የመጣበት ሰው ግን አፉን ይዘጋል። ካልዘጋ ሲጣሩ ይመሻል እንጂ በሬው አይገኝም።»

«እንደ እርስዎ አገር ሰው የሚያስብ ስዊች ነው የሚያስፈልገን» አለች። አስመጣችም። አዲሱ የራሱ ጥሪ ዞሮ ሲመጣበት ያንን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ጩኸቱ ልክ ካለፈም ይቆርጠዋል። የየክፍሉን ሥራም ለየብቻው አድርጋዋለች፤ የአንዱ ግርግር ሌላውን አይነካም። አሁን መብራቱን አይቼ ደህና ነው ወይም አይደለም እላለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅ።

ሰው እውነቱን በመናገሬ ሲያመሰግነኝ ግን ምስጋናውን ለብቻዬ አልወስድም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምሳዬን በልቼ፣ አፌን ጠርጌ ዝም እል ነበር። ያን ቀን ደረጃው ሥር ድረስ ያደረሰችኝ ባለቤቴ ናት።