ማርሚታ የሌለው ሞተር

መብራት ሄዶ ልጄ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ፣ የቤንዚኑ ሽታ ሐዋሳ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

ደርግ የጸሎት ቤታችንን ባሸገ ሰሞን አባቴ ያረጀ ጄኔሬተር ገዝቶ ጓሮ ተከለ። "መብራት ሲጠፋ እንዳንቸገር" አለን። ቀጥሎ ግን የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታውን፣ በገዛ እጁ ፈታው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣

"ኧረ አደነቆርከን! ማርሚታውን ግጠምለት እንጂ!" አሉት።

"ይጩህ እትዬ፤ ከመብራቱ ጩኸቱ ይበልጥብኛል።"

መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ እኔ ሳሎን፣ ከብቸኛዋ አምፖል ሥር እቀመጥ ነበር። ሞተሩ ሲያንባርቅ ከሆዱ የብዙ ሰው ዝማሬ ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ሞተሩ ውስጥ ሰዎች አሉ።"

ጎንበስ ብሎ አየኝ። "አሉ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

አንድ ምሽት ሞተሩ አሳለውና ቀጥ አለ፤ አምፖሏም ጠፋች። ዝማሬው ግን ከጨለመው ጓዳ ቀጠለ፤ የእናቴ ድምፅ ከሁሉም ይጎላል። ወዲያው ሁሉም ጸጥ አሉ። ከአጥሩ ውጭ ያልፉ የነበሩት የአብዮት ጠባቂዎች ኮቴም አብሮ ቆመ። ያልዘመርኩት እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ።

አሁን መብራት መጣ። ልጄ ሞተሩን አጠፋና ዞር ብሎ፣

"እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ።

እጄ አፌ ላይ ነበር።