ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት

መሐል ሜዳ ስልክ ቤት ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩ በዓመቱ ነው። የተቀጠርኩት በጀማሪ ኦፕሬተርነት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደግፌ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ማዞሪያው ፊት አስቀመጡኝ። ሰሌዳው ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጫፋቸው የብረት መሰኪያ የሆነ ገመዶች አሉ። ደዋዩ በዚህኛው ቀዳዳ፣ ተጠሪው በዚያኛው ይገባል። ሁለቱን በገመድ ማገናኘት ነው ሥራው።

በዚያን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከሌላ ከተማ ሲደወል የተፈላጊውን ስም፣ ቀበሌና ሰዓት መጥሪያ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። መልእክተኛው ያደርሳል። ሰውየው በተባለው ሰዓት ጣቢያው ድረስ መጥቶ ያነጋግራል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ደወለ። እየተጣደፈ «ለአጎቴ ልጅ፣ አባቱ ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸውን ጻፊለት» አለኝ። እንዳለኝ ጻፍኩ። ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረ በወረቀቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመልእክተኛው ልሰጠው ስል አቶ ደግፌ ተቀበሉኝ፣ አነበቡት፣ ቀደዱት።

«ይህ ሰው ማንበብ ይችላል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«አይችልም። የምታነብለት ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጁ ናት። አያቷ መሞታቸውን እሷ ታርዳው?»

አዲስ ወረቀት አወጡና ስሙን ሳይሆን የንስሐ አባቱን ስም ጻፉበት። ከስሙ ሥር «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብቻ ብለው ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጠፉት። ተራ መጥሪያ አንድ ጊዜ ነው የሚታጠፈው። ሁለት ጊዜ የታጠፈ የደረሰው ቄስ ነገሩን ሳይከፍተው ያውቃል። ጣቢያው መጥቶ ዝርዝሩን ይሰማል፤ ሽማግሌ ይዞ ከባለ ጉዳዩ ቤት ይሄዳል፤ ከተቀመጡ በኋላ ይነግሩታል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው።

አንዳንድ ደዋይ ግን አይሰማም። «አገናኚኝ፣ እኔው እነግረዋለሁ» ይላል። ያኔ ገመዱን እነቅልና «መስመሩ ተበላሽቷል» እላለሁ። «መቼ ይሠራል?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፤ «አይታወቅም።»

አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ የብልሽት መዝገቡን አገላበጠ። «በዚህ ጣቢያ መስመር የሚበላሸው ሰው ሲሞት ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ጡረታ እስክወጣ ፋይሌ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ቢጫ እየሆነ ሄደ እንጂ እኔ አሠራሬን አልለወጥኩም።

ማዞሪያው ተነቅሎ አውቶማቲክ ሲመጣ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወርኩ፤ ከዚያ በከፍተኛ ኦፕሬተር ደረጃ ጡረታ ወጣሁና ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ሞላሌ ተመለስኩ። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ሰላማዊት ስክሪኑ የሚነካውን ስልክ ገዝታ ሰጠችኝና የአገራችን ሰዎች የሚወያዩበት ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። መሥራቹ ፍቅሩ የሚባል አዲስ አበባ የሚኖር የሞላሌ ልጅ ነው፤ መሐንዲስ ነው። ስድብ ሲበዛበት ታላቅ ሰው ፈልጎ ደወለልኝ። «እትዬ አስካለ፣ አድሚን ይሁኑልኝ። እርስዎን ይፈራሉ» አለ። አድሚን ማለት መልእክት የሚሰርዝ፣ ተሳዳቢ የሚያስወጣ፣ ሲያስፈልግ መወያያውን የሚዘጋ ነው። ከማዞሪያው ብዙም አይለይም። ገመዱ ብቻ ነው የሌለው።

በግሩፑ ጠዋት የሚከፈተው በወይዘሮ ሙላቷ ድምፅ ነበር። ሙላቷ ሞላሌ ከላይኛው ሰፈር ብቻዋን የምትኖር፣ ሱፍ ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የምታሠራ የእኔ እኩያ ናት። መጻፍ ስለሚያታክታት ድምፅ ትልካለች። «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ? እኛ ዘንድ ውርጩ በርትቷል። እናንተስ?» ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የምትል። ከሷ በኋላ ነው ሌላው የሚንጫጫው።

ያን ቀን የዓቢይ ጾም እኩሌታ ነበር። ሙላቷ እንደ ልማዷ እንዴት አደራችሁ አለችን። ከዘመሮ አንድ ገበሬ «የበልግ ዝናብ ትናንት ጣለልን፣ ገብስ እየዘራን ነው» አለ። የሞላሌው ሰው «እናንተ ዘንድ የጣለው ደመናው መንገድ ስቶ ነው፣ የእኛ ነበር» ሲል መለሰለት። አንዷ ጆሮዋ የተበሳ ጥቁር በግ ጠፍታብኛለች አለች። «በጾም ማን ያርዳታል፣ አትስጊ» አላት ሌላው፤ «ለፋሲካ ነው መፍራት።»

አንዱ የባና ፎቶ ለጠፈ። ንጹሕ የመንዝ ሱፍ ነው አለ። ሙላቷ በድምፅ ገባች። «ልጄ፣ ይሄ በግ ያለበሰው አይደለም። ከፋብሪካ ወጥቶ በግ አይቶም አያውቅ።» ሰዉ ሳቀ። ባለ ባናው «እማማ፣ ገበያዬን ገደሉት» አለ። «አንተ ቀድመህ ሱፉን ገደልከው» አለችው። ተከልሎ የሚጠበቀው የጓሳ ሣር ለአጨዳ መቼ ይከፈታል ብሎ የጠየቀም ነበር፤ ማጭድህን ስቀል፣ ሽማግሎቹ ገና አልፈቀዱም ተባለ።

ሦስት ሰዓት ላይ የሽመልስ ፎቶ ወጣ። ከፎቶው በላይ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር ወንድማችን» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሽመልስ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሙላቷ ልጅ ነው። ሌላ ልጅ የላትም።

ፎቶውን ወዲያው ሰረዝኩት። ለጣፊውን በስልክ አገኘሁት፤ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ያለቅሳል። ለሁለት ቀን ታሞ ሌሊቱን አረፈ፣ አስከሬኑን ይዘን ልንነሣ ነው አለኝ። እናቱ ግሩፑ ውስጥ መኖሯን አላወቀም። እሱን ዘግቼ ስመለስ ሦስት ሰው ያንኑ ፎቶ ደግሞ ለጥፎታል። ሦስቱንም ሰረዝኩ። አምስት መጣ። ሙላቷ መጻፍ ይታክታታል እንጂ የልጇን ፊት ለማወቅ ማንበብ አያስፈልጋትም።

መወያያውን ዘጋሁት። ከአድሚን በቀር ማንም ምንም መላክ እንዳይችል አደረግሁ።

የሰፈራችን ሰው አላሳሰበኝም። ፎቶውን ያየ ቢኖር እንኳ በሙላቷ ደጅ ሲያልፍ ፊቱን አስተካክሎ ያልፋል። የፈራሁት ስልኩን ነው። የንስሐ አባቷ መምሬ ዘውዴ ደግሞ ቅዳሴ ገብተዋል። በጾም ቅዳሴ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቄስ ከመቅደስ ተጠርቶ አይወጣም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ያህል መወያያውን ዘግቼ መያዝ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የደወለው ፍቅሩ ነው።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ? ሰው ሁሉ እኔ ላይ እየጮኸ ነው። ልጁ የሁላችንም ወንድም ነው፣ እናልቅስለት እንጂ!»

«ማታ ታለቅሱለታላችሁ።»

«ግሩፑ የሕዝብ ነው፣ የእርስዎ ስልክ ቤት አይደለም።»

«ስልክ ቤት ነው» አልኩት።

«ካልከፈቱት አድሚንነቱን አነሣና እኔው እከፍተዋለሁ።»

«መክፈት ትችላለህ። መጀመሪያ ግን ለሙላቷ ደውልና አንተው ንገራት። ቁጥሯን ልስጥህ?»

በስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«መምሬ እስኪወጡ።»

አልከፈተውም።

ቀጥሎ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ደወለ። የስብሰባ ማስታወቂያ ሊያወጣ ፈልጎ ተዘግቶበታል። «እማማ፣ የመንግሥት ሥራ እያደናቀፉ መሆኑን ያውቃሉ?» አለኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ የላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለን አለ። እዚያ ለጥፈው አልኩና ዘጋሁ።

በግል የሚጽፉልኝም ነበሩ። አምባገነን ያለኝ አለ። በዚህ ዘመን መርዶ በቄስ ነው እንዴ የሚነገረው ብሎ የሳቀብኝ አለ። ለማንም አልመለስኩም። ስልኬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መንገድ ላይ ተደወለ። ሙላቷ ናት።

«አስካለ፣ ሱፍ ሳጥብ ቆይቼ ገና አሁን ገባሁ። ይሄ ስልክ ምን ሆነ? ድምፅ ልላክ ብል እምቢ አለኝ። ያንን የባና ነጋዴ የምለው ነበረኝ።»

አፌ የለመደውን ተናገረ። «ብልሽት ነው። የሁሉም እንዲሁ ነው።»

«መቼ ይሠራል?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች።

«አዎ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችና ዘጋችው። እኔም ነገሩን በደህና ያለፍኩት መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጬ ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩ። «ለመምሬ ዘውዴ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ ሰጠኋቸው። አልከፈቱትም። እጃቸው ላይ ይዘው አዩኝ።

«ይህን ወረቀት ካየሁት ብዙ ዘመን ሆነኝ» አሉ። «የማን ነው?»

ነገርኳቸው። ሁለት ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ጠርተው ተነሣን። እህል አልቀመሱም ነበር፤ ቅመሱ ቢባሉም እምቢ አሉ።

የሙላቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጁ ተጠርጓል። እቤት ስንገባ መደቡ ላይም፣ መሬቱ ላይም፣ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን አጎዛ ተነጥፏል። ከጎረቤት የተዋሰችው አግዳሚ ወንበርም አለ። ያጠበችው ሱፍ ከደጅ ተነሥቷል። ግድግዳው ላይ የነበረው የሽመልስ ፎቶ የለም። እሷ ጥቁር ለብሳ ከምሰሶው ሥር ቆማለች።

መምሬ ሊቀመጡ ሲሉ «ይቀመጡ፣ አባቴ» አለቻቸው። «ከተቀመጡ በኋላ ይነግሩኛል።»

ተቀመጡ። ነገሯት። ያን ጊዜ ጮኸች።

ማታ ፍቅሩ ደወለ። ድምፁ ለስልሷል፤ ነገር ግን ለአባላቱ ይቅርታ ይጻፉልኝ አለ። መወያያውን ከፈትኩና ጻፍኩ፤ «ዛሬ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የዘጋሁት እኔ ነኝ። እናትየዋ እስኪነገራት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ቢያጋጥም እዘጋለሁ።» የተቀየሙ ወጡ። ከወጡት ጥቂቶቹ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ፍቅሩ አድሚንነቴን አላነሣም፤ እኔም ጽሑፉን አልሰረዝኩም።

ከአርባው ተዝካር በኋላ ሙላቷ ቤት ሄድኩ። ሱፍ ትፈትል ነበር። ብዙ አላወራንም። ልነሣ ስል ግን እኔው ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ማን ነገረሽ?»

«አንቺ» አለች።

«እኔ ምን አልኩሽ?»

«አስካለ፣ ስልክ ቤት በነበርሽ ጊዜ ስንት ዓመት ከዚህ መሐል ሜዳ ድረስ መጥሪያ ይዤ መጥቻለሁ። መስመር ሲበላሽ መቼ እንደሚሠራ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? አይታወቅም ነው የምትይ። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት አልሽኝ። በጾም ዘጠኝ ሰዓት የሚያልቀው ቅዳሴ ነው። ከዚያ በኋላ ማንን እንደምትልኪብኝ አወቅሁ። እኔ ደግሞ ከአንድ ልጅ በቀር የለኝም።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሳትኩትን በአንድ ቃል ሳትኩት።

እሷ እንዝርቱን አላቆመችም። «አትዘኚ። ብቻዬን አለቀስኩ፣ ቤቴን አሰናዳሁ። ያ ሻማው ያለበት ፎቶ ቢደርሰኝ ኖሮ ከነሱፉ ውሃው ላይ ነበር የምወድቀው።»

በማግሥቱ ጠዋት ድምፅ ላከች። «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?» አለች። ስለ ውርጩ አልተናገረችም።

አሁንም አድሚን ነኝ። ለሌሎቹ አድሚኖች የሰጠኋቸው መመሪያ አጭር ነው። የሞት ዜና ቤተሰቡ በሰው አፍ ሳይነገረው አይለጠፍ። ከተለጠፈ ሰርዙ፤ ካልበቃ ዝጉ፤ ማንም ቢቆጣ አትክፈቱ። መቼ ይከፈታል ብሎ የሚጠይቅ ካለ «አይታወቅም» በሉ። ሰዓት አትናገሩ።