ለዳማው የተመዘነ አሸዋ

በእኛ አገር ባለፈረስ ስለ ፈረሱ እውነቱን አይናገርም። «ይሮጣል ወይ?» ብትሉት «ኧረ እሱ፣ ለጭነትም አይሆን» ይላችኋል። ይህን የሚላችሁ ደግሞ ለልጆቹ ሳይተርፍ ለፈረሱ ገብስ የሚሰፍር ሰው ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ የጠየቃችሁትን ትቶ ያልጠየቃችሁትን ሲያወራ ያመሻል።

ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው። በከተማችን በመካነ ሰላም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። በአፍ የተመሰገነ ፈረስ ወይ ይወድቃል ወይ ያነክሳል። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት፤ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ከልቤ ጠፋ።

ዘመኑ ኮምፒውተር ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች አዲስ የሆነበት፣ ሠራተኛውም ከሌባ ይልቅ ግምገማ የሚፈራበት ነበር። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የፈረስ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከአጎራባቾቻችን ከከላላም ከደጎሎም ከአጅባርም ባለፈረስ ይመጣል። ችግሩ ሁለት ፈረሶች ቀድመው ይሄዱና ሕዝቡ የቀሩትን ሳይጠብቅ መበተኑ ነው። ኃላፊያችን ገና ወጣት፣ አዲስ ነገር የሚወድ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ በፍላሽ አንድ ፕሮግራም ሰጠው። ትንሽ የኮምፒውተር ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ፕሮግራሙ ለውጭ አገር የፈረስ ውድድር የተሠራ ነው። የፈረሱን ዕድሜ፣ የሮጠውን ርቀት፣ የፈጀበትን ጊዜ ትነግሩታላችሁ። እሱም ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጥና ፈጣኑ ምን ያህል ተጨማሪ ክብደት ቢሸከም ከዘገምተኛው እኩል እንደሚደርስ ያወጣል። እኛ ክብደቱን በአሸዋ ከረጢት ኮርቻው ላይ ልናስረው ወሰንን። «ሜዳው ሣር ነው ወይስ አፈር?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሜዳ ግማሹ ሣር ግማሹ ድንጋይ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቁልቁለት አለው። ለቁልቁለት የሚሆን ቦታ አልነበረውምና ሣር አልኩት። ከታች በኩል ሰው በራሱ ግምት ነጥቡን የሚያስተካክልባት አንዲት ባዶ ሳጥን ነበረች። እሷን ናቅኋት። በግምት ከሆነማ ኮምፒውተሩ ምን ያደርግልናል ብዬ ነው።

የፈረሶቹን ፍጥነት በሰዓት የምንይዝበት ቀን ሲቃረብ አባቴ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት ተመልሰው ወደ ቤቱ ጥግ ጠሩኝ። ቀላ ያለ ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ የሚጋልበው ወንድሜ ነው።

«ይኼ ኮምፒውተር የምትሉት ዓይን አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባዬ፣ ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው ለሱ እውነቱን ብነግረው አልጎዳም።»

ከዚያ ለሰው ተናግረውት የማያውቁትን ሁሉ ነገሩኝ። ዳማው ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ ከማን ፈረስ እንደተወለደ፣ ምን ሲበላ እንደሚበረታ። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ክረምት ላይ የግራ የፊት እግሩ ቦይ ውስጥ ገብቶበት እንደነበር፣ ድኖም ሸክም ሲበዛበት ከሰኮናው በላይ እንደሚሞቅ ነገሩኝ። «ይቺ አማና ናት» አሉ። አማና ከተባለ አለቀ፣ ለማንም አይነገርም። ፕሮግራሙ ውስጥም የእግር ጉዳት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ሰዓት በተያዘበት ቀን ስድስት ፈረሶች ቀረቡ፤ ባለፈረሱ ሁሉ የሰው ዓይን ፈርቶ ልጓሙን ስቦ ይዞ ነበር የጋለበው። ከአጅባር የመጣው ሰውዬ ግንባረ ነጭ ቦራ ፈረሱን እንደ ሙሽራ በቅሎ ቀስ እያደረገ አመጣው። ከደጎሎ የመጣው ነጋዴ ፈረሱ ሣር ሲግጥ ቆሞ ጠበቀው። እኔ ሰዓቴን እያየሁ የሆነውን ብቻ መዘገብኩ። አባቴ ብቻ ወንድሜን «ልቀቀው» አሉት፤ ለቀቀው።

ውጤቱ ወጣ። ዳማው አንደኛ፣ አሸዋውም ከሁሉ የበዛ። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ማሽን አያዳላም፤ የገዛ አባትህን እንኳ አልማረም» አለኝ። ዝርዝሩ በር ላይ ተለጠፈ።

አባቴ አንደኛ መባሉን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የአሸዋውን ልክ ሲሰሙ መልሶ ጠቆረ። ከውድድሩ እናውጣው ብላቸው፣ ምን ብለው እንደሚያወጡት መልሰው ጠየቁኝ፤ ፈሩ እንዲባሉ ነው ወይስ እግሩን እንዲያወሩ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ያዘኝ። ዳማው ቁልቁለቱ ላይ እግሩ ሲከዳው፣ ወንድሜም ከሥሩ ሲሆን ይታየኝ ነበር። አሸዋውን ልቀንስ ብል በሚመጣው ግምገማ «ለአባቱ ያደላ» ተብዬ ከሥራ መነሳቴ ነው። ምክንያቴን ልናገር ብል ደግሞ አማናውን መብላቴ ነው።

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከከተማው መውጫ ቆሜ ነበር። ያ የአጅባሩ ሰው እንደ ሌሎቹ ባለፈረሶች ለውድድሩ ቀድሞ መጥቶ ዘመዶቹ ዘንድ አርፎ ነበር። ከገበያ ሲመለስ ግራ ቀኙን አየና ማንም ያላየው መስሎት ቦራውን ሽምጥ ለቀቀው። አቧራው ብቻ ነበር የቀረው። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድሁ፤ ሁሉም ልጓም ስቦ ሲመጣ ዓይኔ እያየ የጻፍኩት ሰዓቴን ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የነገሩትን አምኖ መለሰ፤ ከባለፈረሶቹ መካከል እውነት የነገረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ፕሮግራሙም አድርሶኝ ነበር፣ ውጊያውን ግን ለኔ ትቶልኛል።

የራሱን ፈረስ የሚደብቅ ሰው የሌላውን ፈረስ ለማውራት ምላሱ እንደማይያዝ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ባለፈረሶቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ፈረሶች ጠየቅኋቸው። ጨዋታው ደራ። ዓይን እንዳይነካው ማሻአላህ እያሉ የትኛው አቀበት ላይ እንደሚበረታ፣ የትኛው ሰው ሲበዛ እንደሚደነብር፣ የትኛው ማን ሰርግ ላይ ማንን እንደቀደመ ነገሩኝ። እኔም የሰማሁትን ብቻ ይዤ አልሄድኩም። ውኃ ሲወርዱና ወደ ቤት ሲመለሱ እየጠበቅሁ በዓይኔ አየሁ። ሁለት ሰው የተናገረውንና እኔም ያየሁትን ብቻ ያዝሁ።

በመጨረሻ ከከላላ የመጡት ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ለልጆች ቁርኣን ያስቀሩ፣ ማለትም ያስተምሩ ነበር፤ ፈረሳቸውም እንደሳቸው እርጋታ ያለው ነበር። ስለ ሌሎቹ ሁሉ ነግረውኝ ሲጨርሱ ስለ ዳማውስ አልኋቸው። ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ደህና ፈረስ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ግን የግራ እግሩን ይሰስታል። ሳየው ቆይቻለሁ፣ ለማንም አላወራሁም። አባትህ የሸሸጉትን እኔ ምን ብዬ እገልጣለሁ? አንተም ከኔ አልሰማህም።»

አልሰማሁም አልኋቸው። ከዚያ ስወጣ እንባ እንባ አለኝ። ያን ጭንቀት ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ያችን የናቅኋትን ሳጥን ከፈትሁ። ለቦራው ጨመርሁ፣ ለደጎሎው ጨመርሁ፣ ለከላላውና ለቀሩት ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ጨመርሁ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ጻፍሁ። የአባቴን ፈረስ አልነካሁም። መንካትም አላስፈለገኝም። ሸክሙ የሚሰላው ከዘገምተኛው ጋር ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ የሌሎቹ ነጥብ ወደ እውነቱ ከፍ ሲል የዳማው ሸክም በራሱ ወረደ፤ ሊሸከመው ወደሚችለውም ደረሰ።

ኃላፊው ግን ደነገጠ። በግምገማ ማን እንደሚመልስ ጠየቀኝ። ባለፈረሶቹ ራሳቸው ይመልሱ አልኩት። ተጠሩ፤ ማን እንደተናገረው ሳልገልጽ ስለ እያንዳንዱ ፈረስ የተባለውን አነበብሁላቸው። የደጎሎው ነጋዴ ለአባቴ ፈረስ ስንት እንደቀነስኩ ለማየት መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። የዳማው ሳጥን ባዶ መሆኑን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ኃላፊውም ሐሰት ነው የሚል ካለ ፈረሱን በሰው ሁሉ ፊት ልጓም ለቅቆ ያሳየን አለ። ያን ያህል ዓይን ፊት ማን ፈረሱን ይለቃል? ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። የአጅባሩ ሰው ጢሙን እያሻሸ «ማሻአላህ ካላችሁበት ይሁን» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ፣ በዚያው ጸደቀ።

የውድድሩ ቀን ፈረሶቹ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። የሕዝቡ ጩኸት ሲያልፍ ገለጥሁት። ስድስቱም ተያይዘው ገብተዋል፣ ሕዝቡ ማን እንደቀደመ እየተከራከረ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቦራው አንደኛ ተባለ፣ የእኛ ሦስተኛ። ወንድሜ ኮርቻው ላይ እየሳቀ ነበር። አላህን ያመሰገንሁበት ልክ የለውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

አባቴ አሸዋውን እንኳ ሳይፈቱ ጎንበስ ብለው የዳማውን የግራ እግር ከሰኮናው በላይ ዳሰሱ፤ ሰው እንዳያይባቸውም በጋቢያቸው ከለሉት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። አልሞቀም ማለት ነው።

ይሄኔ የከላላው ሽማግሌ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ አሉና እጃቸውን እዚያው የግራ እግሩ ላይ፣ አባቴ ከዳሰሱበት ቦታ ላይ አሳረፉ። ትንሽ አቆዩት።

«ቀዝቃዛ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አባቴ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እኔ አልተናገርሁም። ወደ ሽማግሌው ዞሩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቋቸው። ከክረምቱ ጀምሮ አሉ ሽማግሌው። አባቴ ያን ጊዜ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁትም።