አባመጫ እምቢ ያሉበት ግብዣ

ማክሰኞ መስከረም 27 ቀን 2007 ዓ.ም. አባመጫ አባዱራ ቴፒ ላይ ሲሞቱ፣ አዲሱ የቡና ማድረቂያ አልጋቸው ግማሹ ወንፊት ሳይወጠርለት ቀረ። ለቀስተኛው ስለ ደግነታቸውና ስለ ቡናቸው ጥራት ብዙ አወራ። ስለ ቻይናው ምግብ ቤት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ላምያ ደውላ፣ "አባ፣ ሰዓድ የሚባል ልጅ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል። እኔም እሱን እፈልገዋለሁ" አለቻቸው። አባመጫ የልጁን ዘር ማንዘር አጠያየቁ። አክስቱ ዙሌይካ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሱቅ ያላት፣ በክፉ ስሟ የማይነሣ ሴት ናት። እናም በልባቸው ልጃቸውን ድረው አበቁ፤ የቀረው ወጉ ብቻ ነበር።

ሰዓድ ግን ሽማግሌ አልላከም። ዱባይ ያደገ፣ ዘመን የገባው ጎልማሳ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ቴፒ ድረስ ማንገላታት ኋላ ቀርነት መሰለው። በሽማግሌ ፈንታ ቦሌ ካለ ውድ የቻይና ምግብ ቤት ጠረጴዛ አስያዘ። አባመጫም ጎረቤታቸውን ጡረተኛውን መምህር ተካን አስከትለው፣ ወገባቸው እስኪላቀቅ በአውቶቡስ ተጉዘው ለዚህ ክብር በቁ።

ክብሩስ ክብር ነው። በር ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ዓሣ አፉን እየከፈተ እንግዳ ይቀበላል። የሻዩ ሲኒ ለዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያ ይበቃል። ጠረጴዛው ራሱ ይሽከረከራል፤ እጁን መዘርጋት ለሚከብደው ሀብታም የታሰበ መሆን አለበት። ምግቡ ዲም ሰም ይባላል፤ በቀርከሃ ሙዳይ ተከድኖ የሚመጣ፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ሁለት ሆኖ አንድ ጉርሻ የማይሞላ ጥቅል ሊጥ ነው። ሰዓድ ሐላል ያልሆነ ሥጋ እንዳይገባበት አስቀድሞ አስጠንቅቋል፤ በዚህ አይታማም።

"አባባ፣ ይኸ ዓሣ ነው፤ ይቅመሱ።"

"በቅቶኛል ልጄ። በልቼ ነው የመጣሁት።"

ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ግን በእሳቸው አገር በመጀመሪያው ቃል እጁን የሚዘረጋ እንግዳ ሆዳም ይባላል። ጋባዡ ይለምናል፣ "በሞቴ" ይላል፣ ይቆጣል፤ ያን ጊዜ እንግዳው እየተግደረደረ ይበላል። አባመጫ "በሞቴ" እስኪባሉ ጠበቁ። ሰዓድ "እሺ፣ እንዳሉ" ብሎ ጠረጴዛውን አዞረው። ዓሣው በፊታቸው አልፎ መምህር ተካ ዘንድ ደረሰ።

መምህር ተካ ሁለቱን መብያ እንጨቶች ወዲያ ገፍተው በጣታቸው አነሡ። "ብላ፣ አባመጫ" አሉ በሹክሹክታ፣ አፋቸውን እንደሞሉ። "ይህ ልጅ በሞቴ አይልም፤ ለሞቱ ይሳሳል።"

"ዝም በል፤ አታዋርደኝ!"

የእንጉዳዩ ሙዳይ መጣ፤ አባመጫ "አይ" አሉ፤ ሄደ። የጎመኑ መጣ፤ "አይ" አሉ፤ እሱም ሄደ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ምግብ አይተው አያውቁም።

በመጨረሻ ሰዓድ አፉን ጠርጎ ቀና ብሎ ተቀመጠ። "አባባ፣ ላምያን ማግባት እፈልጋለሁ። ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የጋበዝኩዎት።"

አባመጫ ለዚህ የሚሰጡትን መልስ ከቴፒ ጀምሮ ሲያጠኑት ነበር። "አይሆንም" አሉ ኮስተር ብለው። "ለሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም።"

እንዲህ ነው የሚባለው። በአንድ ቃል የሚሰጥ አባት፣ ልጁ ከብዳው ኖሯል ይባላል። ጠያቂው ተመልሶ ይመጣል፣ ደጅ ይጠናል፤ አባትም ተለምኖ ይረታል። ሰዓድ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ውሳኔዎን አከብራለሁ፣ አባባ" አለና ሹፌሩን ጠርቶ እስከ ማረፊያቸው አሸኛቸው። ጨዋነቱ ወደር አልነበረውም።

መኪናው ውስጥ መምህር ተካ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንደገና ይጠይቀኛል ብለህ ነው? የነገሩትን የሚሰማ ትውልድ መጥቶብሃል። ጉድህ ፈላ!"

"እና ምን ልበል? እባክህ ውሰድልኝ ብዬ ልጄን ላዙርለት?"

በማግስቱ፣ እንደ ወጉ ከግብዣው የቀረችው ላምያ እያለቀሰች ደወለች። "ለምን አባ?" አባመጫ እሺ ለማለት ሲሉ እምቢ ማለታቸውን በስልክ ማስረዳት አቃታቸው። "ይጠይቀኛ" ብቻ አሉ።

"ጠየቀህ እኮ!" ብላ ዘጋችው። ለአረፋም አልመጣችም።

ሰኞ መስከረም 26 ቀን፣ በሞታቸው ዋዜማ፣ አባመጫ እንደ ወትሮው ለዙሌይካ ሱቅ የሚሆን አንድ ከረጢት ኮረሪማ ይዘው በሚኒባስ ሚዛን ተፈሪ ሄዱ። ኮረሪማው እየተመዘነ፣ "የወንድምሽ ልጅ ደኅና ነው?" አሉ፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው።

"ምን ደኅና አለው! ከስቶ አለቀ። እምቢ አሉኝ ይላል።"

"ስንት ጊዜ ጠይቆ?"

ዙሌይካ ሥራዋን ትታ አየቻቸው። "አንድ ጊዜ።"

"እንዲያ ነው" አሉ አባመጫ።

ሴትዮዋ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። "ቱ! አረብ አገር ያሳደገው! ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። እርስዎም እንደ ወጉ እምቢ ይበሉ፤ የእኛ ሽማግሌዎች እምቢታ አያስደነግጣቸውም።"

አባመጫ ኮረሪማውን ዘረገፉላት፤ ባዶውን ከረጢት አራግፈው፣ አጣጥፈው በብብታቸው ያዙና፣ የቴፒ ሚኒባስ ሳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።